«ሥራ ፈጠራ» በዩኒቨርሲቲ፤ የአንድ የጋራ ትምህርት ይዘትና አቀራረብ ሲመረመር

በ2012 ዓ.ም. የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት እንደገና ሲያደራጁ በጋራ እንዲሰጡ ከተወሰኑት የትምህርት ዓይነቶች አንዱ «ኢንተርፕረነርሺፕ» የተባለው ነበር። ሐኪም ለመሆን የተነሣውም ወጣት፣ መሐንዲስነትን የመረጠችውም ወጣት፣ የታሪክም ሆነ የእርሻ ተማሪው በየሙያው ከመሠማራቱ በፊት አንድ ዓይነት ሞጁል ይዞ እንዲቀመጥ ተደርጓል። አንድን ትምህርት ለሁሉ ማዳረስ በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ውስጥ ከሚሰጡት ውሳኔዎች ሁሉ ከባዱ ነው፤ የሚመደብለት ሰዓት ከሌላ ትምህርት ላይ የሚነሣ፣ አብሮት የሚሰጠውም ተስፋ በብዙ ሺህ ቤተሰብ ዘንድ የሚጠበቅ ነውና። በሬ ሸጦ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከ ገበሬ፣ ልጁ ተመርቆ ሲመለስ «ሥራ ፈጥረህ ኑር ተብለሃል» የሚለውን ቃል እንዴት አድርጎ እንደሚሰማው ማሰብ አያስቸግርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ትምህርቱ መሰጠቱን አይቃወምም። ጥያቄው ምን ይሰጣል፣ በምን ቅደም ተከተል ይሰጣል፣ ውጤቱስ በምን ይመዘናል የሚለው ነው። በእነዚህ በሦስቱም ረገድ አሁን በሥራ ላይ ያለው አቀራረብ ብርቱ እርማት የሚያስፈልገው መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ስለ ስያሜው

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በአማርኛ «ሥራ ፈጠራ» እንላለን። ይህ አጠራር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት የሚከት ነው። አንደኛው አንድ ሰው ያልተሟላ ፍላጎት አይቶ፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን አስይዞ፣ ኪሳራውንም ትርፉንም ተቀብሎ አዲስ ድርጅት ማቋቋሙ ነው። ሁለተኛው መንግሥት ወይም ሌላ አካል ለሥራ ፈላጊዎች የሥራ ዕድል ማስገኘቱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን፣ በኋላም በ2014 ዓ.ም. ኃላፊነቱን የተረከበው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በዋናነት የሚጨነቁት ስለ ሁለተኛው ነው፤ ሥራቸውም ስለሆነ ሊጨነቁ ይገባል። ችግሩ ግን ቃሉ አንድ በመሆኑ የአንዱ መለኪያ በሌላው ላይ መጫኑ ነው። የክፍል ትምህርት የተማሪውን ማስተዋልና ችሎታ ማሳደግ አለማሳደጉ ሲጠየቅ፣ መልሱ «ስንት ወጣት ሥራ ያዘ» በሚል ቁጥር ይሰጣል። መምህሩ ያላስተማረው ነገር ሲቆጠርለት፣ ያስተማረው ነገር ሳይቆጠርለት ይቀራል።

«ፈጠራ» የሚለው ቃል ራሱ ከምንም ተነሥቶ አንድ ነገር ማስገኘትን ያሳስባል። ኦስትሪያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዮሴፍ ሹምፔተር ግን እ.ኤ.አ. በ1911 ባወጣው መጽሐፉ የተናገረው ስለ አዲስ ቅንጅት ነበር። ቀድሞ የነበሩ ነገሮች በአዲስ መንገድ ሲቀናጁ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ የአሠራር ዘዴ፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ ወይም አዲስ አደረጃጀት ይገኛል ነው ያለው። እስራኤል ከርዝነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ከዚህ ቀለል ያለ ሐሳብ አቀረበ፤ ሌላው ሰው ያላስተዋለውን የዋጋ ልዩነት ነቅቶ የሚያይ ሰው ነው ዋናው ባለ ጉዳይ አለ። ከወንበራ በቆሎ፣ ከመንዝ በግ ጭኖ የሚወርደው ነጋዴ የሹምፔተር ሰው ላይሆን ይችላል፤ የከርዝነር ሰው መሆኑ ግን አያጠራጥርም። ተማሪዎቻችን «ሥራ ፈጣሪ» ሲባል ይህን ነጋዴ የማያስቡት ቃሉ ስለሚሰውረው ጭምር ይመስለኛል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ነጋዴን በጥርጣሬ የማየት ልማድ በሀገራችን የቆየ ነው፤ በሕግ የተደገፈበትም ዘመን ነበር። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ባለሀብት በችርቻሮ ንግድ ከ200,000 ብር፣ በጅምላ ከ300,000 ብር፣ በኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር በላይ ካፒታል እንዳያንቀሳቅስ፣ ከአንድ በላይም ፈቃድ እንዳይዝ ወስኖ ነበር። የዛሬ ተማሪዎች ወላጆች ያደጉት በዚያ ሕግ ሥር ነው። አንድ ሞጁል በሦስት ወር ውስጥ ይህን ሁሉ የኅሊና ውርስ ያስለውጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው፤ ስለ ውርሱ አንድም ቃል ሳያነሡ ማለፍ ግን የባሰ ነው።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

አዲስ ድርጅት የማቋቋም ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት ጀመረ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1947 በሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ ማይልስ ሜስ ይባሉ ነበር። 188 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ለእኛ ቁም ነገሩ ከቁጥሩ ይልቅ የተማሪዎቹ ማንነት ነው። ዘመኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ወደ ትምህርት ገበታ የገቡበት ነበር። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው የበሰለ፣ ሰው ያዘዙና ስንቅ ያደላደሉ፣ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ ነበሩ። ሊጠይቁ የሚፈልጉትን ጥያቄ ይዘው ነው የመጡት።

የእኛው ተማሪ 18 ወይም 19 ዓመቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስም የባንክ ደብተር የያዘው ገና ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው። በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት በ11ኛና በ12ኛ ክፍል «ጄነራል ቢዝነስ» የተባለውን ትምህርት የሚማሩት የኅብረተሰብ ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 70 በመቶ የሚሆነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስክ እንዲመደብ ፖሊሲው ያዝ ነበር። ስለዚህ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ተማሪ ወጪና ገቢ፣ ዕዳና ካፒታል የሚሉትን ቃላት በትምህርት መልክ ሳያውቃቸው ስለ ድርጅት ማቋቋም ሲማር ኖሯል።

በፒየር አዙሌይና በባልደረቦቹ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአሜሪካ ቢያንስ አንድ ሠራተኛ የቀጠሩ አዳዲስ ድርጅቶች መሥራቾች አማካይ ዕድሜ 42 ገደማ ነው፤ እጅግ በፍጥነት ያደጉት ድርጅቶች መሥራቾችማ 45። አሜሪካ ኢትዮጵያ አይደለችም። ቢሆንም የጎልማሳው ልምድ ዋጋ እንዳለው በየመንደሩ የምናየው ነው። በ19 ዓመት የተዘራ ዘር በ40 ዓመት የሚያፈራ ከሆነ፣ በምረቃው ማግሥት ማጭድ ይዞ መውጣት ምን ይባላል?

የሞጁሉ ቅደም ተከተል

ለመጀመሪያ ዓመት የተዘጋጀው ሞጁል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ስለ ኢንተርፕረነርሺፕ ምንነት ይጀምራል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ መምጣቱን ያስረዳል፤ የሥራ ፈጣሪን ጠባያት ይዘረዝራል። ከዚያ ወደ ንግድ ሥራ ዕቅድ ይሄዳል። የድርጅት አመሠራረት፣ የምርትና አገልግሎት ዝግጅት፣ የገበያ ጉዳይ፣ የገንዘብ ምንጭና የድርጅት ዕድገት ይከተላሉ። በአደረጃጀቱ የተሟላ ነው፤ ያልተነካ ርእስ የለም ለማለት ይቻላል። ለተማሪ የሚከብደውም ይኸው ሙሉነቱ ነው። ዕቅዱ ከገበያው ቀድሟል፤ ገንዘቡ ወደ መጨረሻው ተገፍቷል። ተማሪው ገዢውን ሳያውቅ ዕቅድ ይጽፋል፤ ብር ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ የአምስት ዓመት ገቢ ይተነብያል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከተማሪዎች የቡድን ሥራ አንድ የተለመደ ዓይነት ልውሰድ። የዶሮ እርባታ ዕቅድ በብዙ ክፍል ውስጥ የሚቀርብ ነው። ሠንጠረዡ ንጹሕ ነው፤ ርእሱ በቀለም ተጽፏል። 500 ጫጩት ተገዝቶ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የእንቁላል ሽያጭ ይመዘገባል፤ ገቢውም ለ12 ወር እኩል ተከፍሎ ይቀመጣል። እንቁላል ጣይ ዶሮ ግን መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሞላት ነው። አምስት ወር ሙሉ መኖ ይገዛል፤ አንድ ሳንቲም አይገባም። ዶሮዎቹ መጣል ሲጀምሩ ዐቢይ ጾም ቢሆንስ? ለ55 ቀን አብዛኛው የገበያው ሰው እንቁላል አይገዛም፤ ዋጋው ይወርዳል። ለትንሣኤ ዋዜማ ደግሞ ይሰቀላል። በመካከሉ ፈንግል ከገባ በሳምንት ውስጥ ቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ማንኛዋም በግቢዋ ዶሮ የምታረባ እናት ታውቀዋለች። ልጇ ግን በሠንጠረዡ ሰባት ወይም ስምንት ነጥብ ያገኛል፤ መምህሩ የሚያርመው ቅርጹን ነውና።

ጥፋቱ የመምህሩ አይደለም። በአንድ ክፍል 60 እና 70 ተማሪ የያዘ፣ ራሱም ከምረቃ በኋላ ወዲያው ወደ ማስተማር የገባ ሰው፣ የሃያ ቡድን ዕቅድ በሁለት ሳምንት ሲያርም ከቅርጹ በቀር የሚይዘው ነገር የለውም። ዕቅድ ማስጻፍ ለማረም የሚመች ሥራ በመሆኑ የትምህርቱ ማዕከል ሆነ። ለማረም የሚመች ነገር ሁሉ ግን ለመማር አይመችም።

በዚህ ረገድ የሳራስ ሳራስቫቲ ምርምር ሊታሰብ ይገባል። ልምድ ያላቸውን 27 የድርጅት መሥራቾች አንድ ምናባዊ ችግር ሰጥታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያሰቡ እንዲፈቱት ጠየቀች። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው ጽሑፍ እንዳብራራችው፣ እነዚህ ሰዎች አስቀድመው ግብ ተክለው ወደ ግቡ የሚያደርስ ዕቅድ ከመንደፍ ይልቅ «እኔ ማን ነኝ፣ ምን አውቃለሁ፣ ማንን አውቃለሁ» ብለው በእጃቸው ካለው ይነሣሉ። ምን ያህል እንደሚያተርፉ ከመገመት ይልቅ ምን ያህል ቢጠፋባቸው እንደሚችሉት ይወስናሉ። ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የሱቅ በደረቴ ሻጭ በየማለዳው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሚያስደንቀው ከዩኒቨርሲቲው በር ውጭ ከሚሸጠው ልጅ ዘንድ ያለው ዕውቀት በበሩ ውስጥ አለመነሣቱ ነው።

ስለ ጠባያት ዝርዝር

የፈተና ወረቀቶች በብዛት የሚጠይቁት «የሥራ ፈጣሪ ጠባያት ምን ምን ናቸው» የሚል ነው። ይህ ዝርዝር ከታወቀ ምንጭ የመጣ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው መጽሐፍ የስኬት ፍላጎት የኢኮኖሚ ዕድገት ምንጭ ነው ሲል ተከራከረ። ከዚያም በሕንድ፣ ካኪናዳ በተባለች ከተማ ለነጋዴዎች ሥልጠና ሰጥቶ ሐሳቡን ፈተነ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአርጀንቲና የተጀመረውና በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ የሚመራው «ኤምፕሬቴክ» ሥልጠናም አሥር ብቃቶችን የሚያሠለጥነው ከዚሁ ተነሥቶ ነው። በሀገራችንም በ2005 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማእከል የተጠቀመው ይህንኑ ዘዴ ነው።

ልዩነቱን ልብ እንበል። ማክሌላንድ ያሠለጠነው ንግድ ላይ ያሉ ጎልማሶችን ነው። ሥልጠናው የቀናት ሙሉ ጊዜ ሥራ፣ ጨዋታና ልምምድ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ልምምዱ ቀረና ዝርዝሩ መጣ። «አደጋን መጋፈጥ፣ ጽናት፣ በራስ መተማመን» ብሎ በወረቀት ላይ የጻፈ ተማሪ ጽናትን ተማረ ማለት፣ የዋና ሕግጋትን የሸመደደ ዋና ቻለ እንደ ማለት ነው።

በቶጎ በፍራንሲስኮ ካምፖስና በባልደረቦቹ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ለዚህ ክርክር ጠቃሚ ነው። 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን የተለመደውን የሒሳብና የገበያ ሥልጠና ወሰደ፣ ሁለተኛው በግል ተነሣሽነት ላይ ያተኮረ የሥነ ልቡና ሥልጠና ወሰደ፣ ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። በሁለት ዓመት ውስጥ የሁለተኛው ቡድን ትርፍ በ30 በመቶ ጨመረ። የመጀመሪያው ቡድን ጭማሪ 11 በመቶ ሆኖ ከአጋጣሚ ሊለይ የማይችል ነበር። እንግዲህ ጠባይ ሊሠለጥን ይችላል። ነገር ግን የሠለጠኑት ሱቃቸውን ከፍተው ከሱቃቸው የመጡ፣ የተማሩትን በማግሥቱ የሚሞክሩበት ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚሞክርበት ምን አለው?

የተማሪዎችን ነገር በቀጥታ የሚመለከተው ማስረጃ ከቱኒዝያ የተገኘው ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2009/10 የትምህርት ዘመን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፍ ፋንታ የንግድ ሥራ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ፣ ሥልጠናና የግል አማካሪም እንዲመደብላቸው ተደረገ። ማን እንደሚገባ የተወሰነው በዕጣ ስለነበር ንጽጽሩ ጥሩ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ በራሳቸው ሥራ የተሠማሩት ቁጥር ጨምሮ ተገኘ፤ ጭማሪው ግን ጥቂት ነበር። ሥራ የያዙት ጠቅላላ ድርሻም አልተለወጠም፤ ተቀጣሪ ሊሆኑ የነበሩት አንዳንዶቹ ወደ ራሳቸው ሥራ ዞሩ እንጂ። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ሲታይ ይኸው ጥቂት ጭማሪም ጠፍቶ ነበር። ከእኛ ሞጁል የተሻለ እንክብካቤ የነበረው፣ ለመመረቅ በተቃረቡ ተማሪዎች ላይ የተሞከረ ትምህርት ይህን ያህል ከሆነ፣ የእኛው በአንድ ሴሚስተር የሥራ አጥነትን ችግር ይቀርፋል ማለት ዕቅድ አውጪዎችን ማሳሳት ነው።

በኔዘርላንድስ የኦስተርቤክና የባልደረቦቹ ጥናት (እ.ኤ.አ. 2010) ደግሞ የበለጠ የሚያስገርም ነገር አገኘ። ትምህርቱን የወሰዱ የኮሌጅ ተማሪዎች ድርጅት የማቋቋም ፍላጎታቸው ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ ከሚሰጡት ማብራሪያ አንዱ ተማሪዎቹ ነገሩን እንደ እውነቱ ማየት መጀመራቸው ነው። በበኩሌ ይህን እንደ ውድቀት አላየውም። የአባቱን በሬ አሽጦ ዶሮ ሊያረባ የነበረ ተማሪ «ቆይ፣ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ልይ» ቢል፣ ትምህርቱ ግዳጁን ፈጽሟል። በሪፖርታችን ሠንጠረዥ ግን ይህ ተማሪ በየትኛውም ዓምድ አይገባም።

ጥፋቱ የማን ይሆናል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሥርዓተ ትምህርት ቴክኒክ አልፎ የሰው ጉዳይ የሚሆነው። «ሥራ ጠባቂ አትሁን፣ ሥራ ፈጣሪ ሁን» የሚለው ቃል በየምረቃው በዓል ይነገራል። ቃሉ ሲደጋገም ሥራ ያላገኘ ወጣት ያላገኘው በአስተሳሰቡ ጉድለት ነው ወደሚል ፍርድ ያዘነብላል። የብድር መያዣ ማጣቱ፣ የመሥሪያ ቦታ ኪራይ መወደዱ፣ የመብራት መቆራረጡ፣ የውጭ ምንዛሪው ነገር ሁሉ ከፍርዱ ውጭ ይቀራል።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ ያደረጉት ጥናት ሚዛን ይሰጠናል። በአምስት ድርጅቶች የፋብሪካ ሥራ ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወጣቶች በዕጣ ተመደቡ፤ አንዳንዶቹ ሥራውን አገኙ፣ አንዳንዶቹ 300 ዶላር የሚያህል ስጦታና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኙ፣ የቀሩት ምንም አላገኙም። በዓመቱ ስጦታ ያገኙት ገቢ ምንም ካላገኙት በ33 በመቶ በለጠ። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ሥራውን ለቀቁ። አምስት ዓመት ቆይቶ ሲታይ ግን በሦስቱ ቡድኖች ገቢ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ወጣቶቹ የመጀመሪያውን ጊዜ ለውጥ ያሳዩት መነሻ ገንዘብ ስላገኙ ነው፤ የሚሠሩ እጆችና ሐሳብ ነበራቸው። የጎደላቸው መነሻው ነበር። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ የተሰጠ መነሻ ብቻውን ለዘለቄታው አልበቃም። የአስተሳሰብ ለውጥ ብቻ በቂ ነው የሚል መምህር ይህን ጥናት ከተማሪዎቹ ጋር ቢያነብ መልካም ነው።

በሞጁሉ ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸው ነገሮች

ሕጉን በተመለከተ አጭር ማስታወሻ ይበቃል። ሞጁሉ ሲዘጋጅ በሥራ ላይ የነበረው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነበር። ያ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በሁለት ሰዎች ካልሆነ አይቋቋምም ይል ነበር፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው የሚስቱን ወይም የወንድሙን ስም ለይስሙላ ያስገባ እንደነበር የታወቀ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ቤት የሌለው ሰው መሣሪያውን፣ ከብቱን ወይም ሊከፈለው የሚገባውን ገንዘብ ለብድር መያዣ እንዲያደርግ መንገድ ከፍቷል። በተግባር ብዙ ይቀረዋል። ይሁንና ይህን ሳያውቅ የሚመረቅ ተማሪ «መያዣ የለኝም» ብሎ የሚቀመጠው ካለማወቅ ነው።

ስለ ገንዘብ ምንጭ ማስተማር ሲነሣ ግን ትንሽ መዘግየት እፈልጋለሁ። ሞጁሎቻችን ባንክን፣ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋምን፣ የቬንቸር ካፒታልን ይዘረዝራሉ። ተማሪው በቤቱ የሚያውቀው ዕቁብ ቢጠቀስም በአንድ መስመር ይታለፋል። ዕቁብ ግን ሙሉ የገንዘብ ትምህርት ነው። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ አንዱ 20,000 ብር ይወስዳል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ የተበደረ ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ ያስቀመጠ ነው። የዕቃ ዋጋ በሚንርበት ዘመን የመጨረሻው ሰው 20,000 ብር ከመጀመሪያው ሰው 20,000 ብር ያነሰ ይገዛል። ይህን በቁጥር ማሳየት የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ዕጣ መሸጥ ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ለቸኮለ አባል በ1,000 ብር ሸጠለት እንበል፤ የገዢውም ተራ ቢጠብቅ ኖሮ በ20ኛው ሳምንት ይወጣ ነበር እንበል። ገዢው የ1,000 ብሩ ክፍያ ተነሥቶለት 19,000 ብር ዛሬ ወሰደ፤ በምላሹም ከ19 ሳምንት በኋላ ሊያገኝ የነበረውን 20,000 ብር ለቀቀ። ዋጋው ለ19 ሳምንት 5.3 በመቶ ያህል ነው፤ በዓመት ሲሰላ ከ14 በመቶ ያልፋል። ወለድ የለበትም በሚባለው ዕቁብ ውስጥ ወለድ ተደብቆ ይኖራል ማለት ነው። ዋሱ ለምን እንደሚጠራ፣ አስቀድሞ የደረሰው ለምን ጠንካራ ዋስ እንደሚጠየቅ፣ ዳኛውና ጸሐፊው በምን እንደሚታመኑ ሲመረመር የብድር ስጋትና የውል ማስከበር ጉዳይ ሁሉ ይነሣል። ይህን የተረዳ ተማሪ የባንኩን የብድር ውል ሲያነብ አይደናገጥም።

ምሳሌዎቹም ከዚሁ ቢሆኑ ይመረጣል። ስለ ካሊፎርኒያ ጋራዦች ያልሰማ ተማሪ የለም። ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ አካባቢ የሰፈሯን ፈታዮችና ሸማኔዎች ይዛ ያቋቋመችው «ሶልሬብልስ» የተባለ የጫማ ድርጅት ግን ለክፍል ውይይት የተሻለ ነው፤ መነሻው ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ነውና። ማንም የሚያውቀውን፣ እንዲያውም የሚንቀውን ዕቃ ለውጭ ገበያ በሚሆን መልክ ማቅረብ ሹምፔተር ካላቸው ቅንጅቶች ስንቱን ይዟል? ይህን ጥያቄ ተማሪው ያለ መምህር ርዳታ ሊከራከርበት ይችላል። ከንድፈ ሐሳብም ቢሆን የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በ1916 ዓ.ም. ታትሞ ሳለ፣ ጥሬ ዕቃ ሽጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ለምን እንደሚጎዳ የቀረበው ክርክር በዚህ ትምህርት ውስጥ ስፍራ ማጣቱ አሳዛኝ ነው።

ስለ አፈጻጸም

ሦስት ነገሮችን በተግባር ሊውሉ በሚችሉበት መልክ አቀርባለሁ። ትምህርቱ ከመጀመሪያው ዓመት ተነሥቶ ተማሪው ሙያውን ካወቀ በኋላ፣ በሦስተኛው ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቢሰጥ ይሻላል። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የመድኃኒት መደብር ሲያስብ ምን እያሰበ እንደሆነ ያውቃል። በመጀመሪያው ዓመት በምትኩ የሒሳብ አያያዝና የግል ገንዘብ አስተዳደር ትምህርት ለሁሉ ቢሰጥ፣ ድርጅት ለማያቋቁመውም ይጠቅማል።

የዕቅድ ማስጻፉ ሥራ ቀርቶ አምስት አምስት ተማሪ በአንድ ባለ ሱቅ፣ በአንድ ልብስ ሰፊ ወይም በአንዲት እንጀራ ሻጭ ዘንድ ተመድቦ ለ30 ቀን ወጪና ገቢውን ይመዝግብ። እንቅፋት አለው። መዝገብ ይዞ የሚመጣ ወጣት ሁሉ ከገቢዎች የተላከ ይመስላል፤ ነጋዴውም እውነተኛውን ቁጥር አይሰጥም። ስለዚህ ስም እንዳይጻፍ፣ መዝገቡም ሲያልቅ ለባለቤቱ እንዲመለስ ውል ሊደረግ ይገባል። እንዲህ የተሞከረበት ቦታ ላይ ነጋዴዎቹ ራሳቸው በ30ኛው ቀን «እስቲ ልየው» ብለው መዝገቡን መጠየቃቸውን አይቻለሁ።

የመምህራን ኮሌጆችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ከእነዚህ ኮሌጆች የሚወጣው መምህር በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ስለ ሥራና ሙያ ሊያስተምር ይችላል፤ ዝርዝር ሸምድዶ ከወጣ ዝርዝር ያሸመድዳል። ስለሆነም ከሁሉ በፊት የፈተናው ዓይነት ይለወጥ። «የሥራ ፈጣሪን አሥር ጠባያት ዘርዝር» በሚለው ፋንታ የሚከተለውን የመሰለ ጥያቄ ቢቀርብ፣ አራሚው መምህርም ሳይወድ በግድ የሚማርበት ነው፦

«አንድ ልብስ ሰፊ የተማሪዎች የደንብ ልብስ የሚሰፋው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሥራው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ጨርቁን በሐምሌ በዱቤ ይወስዳል፤ ትምህርት ቤቱ የሚከፍለው በኅዳር ነው። የዕቁብ ተራው ገና አልወጣም። ሁለተኛ የስፌት መኪና ይግዛ ወይስ አይግዛ? የሚገዛ ከሆነ በየትኛው ወር፣ በማን ገንዘብ? የሚያስፈልግህን ቁጥር በሰፈርህ ካለ ልብስ ሰፊ ጠይቀህ አስላ፤ ያልነገረህም ነገር ካለ ለምን ሳይነግርህ እንደቀረ ግለጽ።»